ጣርማ በርን ለመውጣት ስታዲየም አካባቢ የተከራየናት መኪና

ጓደኛዬና እኔ ከአዲስ አበባ ተነሥተን በደብረ ብርሃን በኩል ጣርማ በር የሚባለውን ተራራ ተሻግረን ወደ ሸዋ ሮቢት ለመውረድ፣ ስንመለስም አንኮበርን ለማየት ካሰብን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። ሁልጊዜ የሚያዘገየን የመኪና ነገር ነው። የእሱ መኪና ከመገናኛ ሜክሲኮ ለመመላለስ እንጂ ለአቀበት የምትሆን አይደለችም፤ እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ እንጂ መኪና የለኝም። በመጨረሻ ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገብሱ ታጭዶ በየማሳው በተከመረበት ጊዜ፣ የመንገዱን ሰላም ከሚመላለሱ ሰዎች ጠይቀን ካረጋገጥን በኋላ፣ ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ የመኪና ኪራይ ድርጅት ለሁለት ቀን መኪና ተከራይተን ሄድን። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለዚያ ድርጅት አገልግሎት ነው። ምስጋናም ቅሬታም አለኝ፤ ሁለቱም ከአንድ ጉዞ ብቻ የተገኙ ስለሆኑ ስሙን አላነሣም። መሐል ከተማ መኪና ተከራይቶ ወደ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን የእኛ ገጠመኝ ሳይጠቅም አይቀርም።

ወደዚህ ድርጅት ከመሄዳችን በፊት በስልክም በአካልም ሌሎች ሦስት ቤቶችን ጠይቀናል። ሁሉም የጠየቁን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለስንት ቀን እንደምንፈልግና መያዣ በጥሬ ገንዘብ ወይስ በባንክ እንደምናስይዝ። የስታዲየሙ ቤት ፀሐፊ ግን ገና ወንበር ሳንይዝ «ወዴት ነው የምትሄዱት?» አለችን። ደብረ ሲናን አልፈን ቆላው ድረስ እንደምንወርድ ስንነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ከጓሮ ያሉትን መካኒክ ጠራች። ጋሼ ብላ የጠራቻቸው ሰው ጠጉራቸው ሸበት ያለ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ በር ላይ ቆማ እኛም በልባችን የመረጥናትን አውቶማቲክ ነጭ መኪና በአገጫቸው እያመለከቱ «ጣርማ በር ከሆነ ይቺን አልሰጣችሁም፤ የፊት ፍሬን ሸማዋ ሊያልቅ ነው። ለቦሌና ለፒያሳ ይበቃታል፣ ለደብረ ሲና ቁልቁለት ግን አይበቃትም» አሉን፤ ሸማ የሚባለው ፍሬን ሲያዝ ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመው፣ እየተፋቀ የሚያልቀው ክፍል ነው። በምትኩ የሰጡን በመልኳ ከዚያችኛዋ የምታንስ፣ የኋላ ወንበሯ ጨርቅ የነተበ፣ በኪራይም ዋጋዋ ዝቅ ያለ ባለ ማንዋል ካምቢዮ መኪና ነበረች። ሸማዋ የተቀየረው በዚያው ሳምንት እንደሆነ ነገሩንና ጎማዋን ፈትተው አሳዩን።

ድርጅቱ የበለጠ ገንዘብ የሚያገኝበትን መኪና ትቶ የሚያንሰውን የሰጠን መሆኑ ብቻውን ለዚህ ጽሑፍ በቂ ምክንያት ይመስለኛል። መኪና አከራይ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በመኪናው ንጽሕናና በዋጋው ነው፤ ተራራ ላይ ግን የሚያድነው አከራዩ መኪናው የሚሄድበትን መንገድ ማወቁ ነው። ጓደኛዬ የመካኒኩን ንግግር ሲሰማ ፊቱ የበራው ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቱ በደሴ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ነበሩና ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው የፍሬን ታሪክ ነው።

የውሉ ነገር ግን እንደ መካኒኩ ንግግር ቀጥተኛ አልነበረም። መታወቂያና መንጃ ፈቃድ አቀረብን፣ መያዣ አስያዝን፣ የመኪናዋን ሊብሬ ቅጂ፣ ቦሎና የመድን ወረቀት ተረከብን፤ ታርጋዋም የንግድ መኪኖች ኮድ 3 ነበር። ውሉ በፈራሚው ስም ብቻ የሚሠራ መሆኑን ያወቅነው ግን ጓደኛዬ «እኔ ብነዳስ?» ብሎ በመጠየቁ ነው። የእሱ ስም ካልገባ፣ እሱ መሪ በያዘበት ጊዜ አደጋ ቢደርስ መድኑ እንደማይከፍል ፀሐፊዋ ነገረችን፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያም የመንጃ ፈቃዱን ቅጂ አያይዛ ስሙን በሁለተኛ አሽከርካሪነት አስገባችው። ባይጠይቅ ኖሮ ግን አትነግረንም ነበር ብዬ አስባለሁ። ሁለት ሆናችሁ እየተቀያየራችሁ የምትነዱ ከሆነ ይህን ነገር ሳትፈርሙ አንሡት።

የመኪና ርክክቡ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ይመስል ነበር፤ ጓደኛዬ የኋላውን ሻንጣ ክፈቱልኝ እስኪል ድረስ። ክሪኩ በቦታው አለ፣ ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ ምልክትም አለ፤ እስኮርታው፣ ማለትም ተጠባባቂው ጎማ፣ ግን በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰምጥ ነበር። መካኒኩ አላፈሩም፣ አልተከራከሩም፤ ጎማውን አውጥተው መንገድ ዳር ካለ ጎሚስታ ዘንድ በራሳቸው ወጪ አስነፍተው ተመለሱ። ስሕተቱ ስሕተት ነው፣ ያረሙበት ፍጥነት ግን የሚመሰገን ነው። እኔም በዚያው ጊዜ መኪናዋን በአራቱም ማዕዘን፣ ስፖኪዮዎቹንና የፊቱን ፓራውልት ጭምር በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ጓደኛዬ «ሠርግ መሰለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ስንመለስ ግን ሳቁ ወደ እኔ ዞሯል።

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በኡራኤል፣ በ22ና በመገናኛ አድርገን ወጣን። አያትን፣ ለገጣፎንና ሰንዳፋን እስክናልፍ ድረስ ስለ መኪናዋ የምለው ብዙ የለኝም። ከተማ ውስጥ ፍሪሲዮኗ ትንሽ ከበድ ይላል፤ ሜዳው ላይ ግን ጸጥ ብላ ትሄዳለች። ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ የያዙ ሴቶች መንገድ ዳር ቆመው ነበር፤ በመመለሻችን እንገዛለን ብለን አለፍናቸው፣ በመመለሻችንም አመሸንና ሳንገዛ ቀረን። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ስንደርስ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም ነበር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በኅዳር ጠዋት ትንፋሽ እንደ ጢስ ይወጣል፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ መታወቋም የሚያስደንቅ አይደለም።

የመኪናዋ ትልቁ ጉድለት የታየው እዚህ ነው። ማሞቂያውን ስንከፍተው የሚነፋው ቀዝቃዛ አየር ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ ስላልሞቀ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ቁርስ በልተን ከተነሣንና ሞተሩም ከሞቀ በኋላ ያው ነው። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ጋቢ ደርበን እንተወው ነበር። ችግሩ መስታወቱ ነው። ውጭው ሲበርድና ውስጥ ሁለት ሰው ሲተነፍስ የፊት መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይይዛል፤ ይህን ጉም የሚያጠፋው ደግሞ መስታወቱ ላይ የሚነፋው ሞቃት አየር ነው። ማሞቂያው ስላልሠራ አንዳችን ስንነዳ ሌላችን በሶፍት እየወለወልን፣ መስኮቱንም ጣት በሚያስገባ መጠን ከፍተን በብርዱ እየተቀጣን ሄድን። አዲስ አበባ ውስጥ ማሞቂያ የሚከፍት ሰው ጥቂት ስለሆነ ድርጅቱ ጉድለቱን ሳያውቀው የቆየ ይመስለኛል፤ ወዴት እንደምንሄድ ከጠየቀ ቤት ግን ይህንንም መፈተሽ ይጠበቅ ነበር።

ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና ያለው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ነው የጉዞው ዋና ክፍል። አምባው ሜዳ ሆኖ ይሄድ ይሄድና በድንገት ምድሩ የሚያልቅ ይመስላል፤ ጣርማ በር ማለት ያ ጠርዝ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ከፍታ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ ወደ መንዝ ይወስዳል፤ ዋናው መንገድ ግን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ወደ ሠሩት ዋሻ ይገባል። ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት አለው። ከውጭው ብርሃን ሲገቡ ዓይን ለጥቂት ጊዜ ይጨልማል፣ ከፊት የሚመጣው ከባድ መኪና መብራት ብቻ ይታያል፤ ስለዚህ መብራት የሚበራው ዋሻው አፍ ላይ ሲደረስ ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። የመኪናዋ ሁለቱም የፊት መብራቶች በደንብ ያበሩ ነበር፣ የረጅሙና የአጭሩ መቀያየሪያም አልተቸገረም። እዚያ ውስጥ እያለን ጓደኛዬ አንድ ነገር አነሣ፤ ጣሊያኖቹ ትተውልን የሄዱት ዋሻውን ብቻ ሳይሆን ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ፍሬቻውን፣ ታርጋውንና ፍሪሲዮኑን የምንጠራበትን ቃል ጭምር መሆኑን። አባቱ አንድ የጣሊያንኛ ዓረፍተ ነገር ሳያውቁ የመኪናውን አካል ከኮፈን እስከ ኋላ በጣሊያንኛ ይጠሩት ነበር ብሎ አሣቀኝ።

ከዋሻው ስንወጣ የጠበቀን ሌላ ዓለም ነው። ወደ ምሥራቅ ያለው ገደል በጉም ተሞልቶ ነበር፤ ጉሙ ለጥቂት ደቂቃ ሲገለጥ ከታች የይፋት ቆላ፣ ከጎን ደግሞ ጠርዙ ላይ ሣር የሚነጩ ጭላዳዎች ታዩ። መንገዱ ተጠማዝዞ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከደብረ ሲናም ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ርቃ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እስከምትገኘው ሸዋ ሮቢት ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ ከዋሻው አፍ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ መኪና ከ1,700 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። የመካኒኩ ንግግር ዋጋው የገባን እዚህ ነው።

ቁልቁለት ላይ እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ የሚወርድ ሰው ሸማውን ያግላል፤ ሸማው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲዘልቅና ዘይቱ ሲፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ይገባል። በተለምዶ «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው አደጋ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው፤ የተበጠሰ ነገር ላይኖር ይችላል። መፍትሔው ፍጥነቱን ሞተሩ እንዲይዘው ማርሽ መቀነስ ነው። ጓደኛዬ ከዋሻው ወጥቶ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከመድረሱ በፊት ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ከዚያም ፍሬኑን አለፍ አለፍ እያለ ብቻ እየነካ ወረደ። «አባቴ፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይለኝ ነበር» አለኝ፤ ሌላ ጊዜ ብዙ የሚያወራው ሰው እስከ ደብረ ሲና ድረስ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ከፊታችን የነበረ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና የተቃጠለ ሸማ ሽታ እየተወልን ሲወርድ፣ እኛ ሩቅ ሆነን ተከተልነው። ደብረ ሲና ስንደርስ ወርደን እጃችንን ወደ ፊት ጎማው ቸርኬ አስጠጋን፤ ሙቀት አለው፣ ነገር ግን ሽታ የለውም። ማንዋል ካምቢዮ ለዚህ ነው የተሻለው ለማለት አልደፍርም፣ አውቶማቲክም ዝቅተኛውን ማርሽ ይዞ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላልና፤ ሸማዋ ያለቀችውን ነጭ መኪና ይዘን ብንመጣ ግን ቀናችን እንደዚህ አያልፍም ነበር።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮታችንን ከበቡት፤ ሁለት ላስቲክ ገዝተን እስከ አዲስ አበባ ቆረጠምን። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተመልሰን አቀበቱን ስንወጣ ደግሞ የመኪናዋ ድካም ታወቀን። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትንገዳገድና ሁለተኛ ሲገባላት ትረጋጋለች፤ ከባድ መኪና ለመቅደም ግን አትሞከርም። የሙቀት መለኪያዋ ከግማሽ አላለፈም፣ ራዲያተሯም ውኃ አልቀነሰም። ለሁለት ሰውና ለአንድ ሻንጣ ትበቃለች፤ አራት ሰው ጭኖ ለሚወጣ ሰው ግን ሞተሩ ከፍ ያለ መኪና ይጠይቅ እላለሁ።

ሌሊቱን ደብረ ብርሃን አድረን በማግስቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አንኮበር ሄድን። ስለ አንኮበር ብዙ ማለት ይቻላል፤ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እንደነበረች፣ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. ከተወለዱባት ከአንጎለላ ምድር ብዙም እንደማትርቅ፣ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ወደ አፋር የሚወርደውን ቆላ ከእግሩ ሥር እንደሚያገኘው። ለዚህ ግምገማ የሚጠቅመው ግን አንድ ነገር ነው፤ ኮረብታው ሥር በተዳፋት ላይ መኪናዋን አቁመን በእግር ወጥተን ስንመለስ የእጅ ፍሬኗ እንደያዘ ጠበቀን። ጓደኛዬ ቢያምነው ኖሮ ግን ጎማዋ ሥር ድንጋይ ባላደረገ ነበር።

መኪናዋን የመለስነው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው። የተቀበለን ሌላ ወጣት ሠራተኛ ነበር፤ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አይቶ የግራው ስፖኪዮ ጀርባ ላይ ያለውን ጭረት እኛ እንዳደረግነው ተናገረ። ክርክሩ ረጅም አልሆነም። የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ ከፍቼ ጭረቱን ከነሰዓቱ አሳየሁት፣ ይቅርታ ጠየቀ። ፎቶው ባይኖር ይቅርታውም ይኖር ነበር ብዬ መማል አልችልም።

የቀረው ቅሬታዬ ስለ ኪሎ ሜትሩ ነው። ኪራዩ በቀን 200 ኪሎ ሜትር የሚፈቅድ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለተነዳው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ይከፈላል። ይህ የተጻፈው በውሉ ሦስተኛ ገጽ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ነው፤ እኔም ፈራሚው ሳላነበው ፈርሜያለሁና የእኔ ጥፋት የለበትም አልልም። ነገር ግን ሁለት ቀን ተከራይቶ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሼ እመለሳለሁ ያለ ሰው 400 ኪሎ ሜትር እንደማይበቃው ፀሐፊዋ ታውቃለች፤ ደርሶ መልሱ ብቻ 450 ነው። እኛ አንኮበርን ጨምረን ከ530 በላይ ነዳን፣ ትርፉም ከመያዣችን ላይ ተቆረጠ። መንገዳችንን ጠይቃ መኪናችንን ያስቀየረች ሴት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃል ብትነግረን ምን ነበረበት? ሒሳቡን ስትሠራ ይህንኑ ነገርኋት፤ «ልክ ነዎት፣ መናገር ነበረብኝ» አለችኝ፣ የተቆረጠው ገንዘብ ግን እንደተቆረጠ ቀረ።

የቀረውን መያዣ በማግስቱ ጠዋት ሳንጠራ ሳንለምን ወደ ባንክ ሒሳቤ አስገቡልኝ። መካኒኩም ቢሮ ድረስ መጥተው ስለ ፍሬኑ ጠየቁን፤ ስለ ማሞቂያው ስንነግራቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ካለች ትንሽ ማስታወሻ ላይ ጻፉት። ለጥር በጣርማ በር ታጥፈን ወደ መንዝ፣ ጓሳ ድረስ ለመሄድ ያችኑ መኪና በስልክ አስይዘናል። በዚህኛው ውል ለአራት ቀን የሚበቃ ኪሎ ሜትር ገና በመነሻው አስጽፈናል፤ ማሞቂያዋን ግን ከመክፈላችን በፊት ሞተሯን አስነሥተን፣ እጃችንን መንፊያው ላይ አድርገን እስኪሞቅ እንጠብቃለን።